የመሬት ታሪክና የውኃ ታሪክ

ስለ ኢትዮጵያ መሬትና እርሻ ከጻፉት የውጭ አገር ሊቃውንት መካከል ጄምስ መካንና ዶናልድ ክራሚ ምስጋና ይገባቸዋል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የመካን መጽሐፍ በ1995፥ የክራሚ በ2000 ዓ.ም. ታተመ፤ የፊተኛው የገበሬውን ሞፈርና ቀንበር፥ የኋለኛው ርስትንና ጉልትን መሠረት አድርጎ የሕዝቡን ኑሮ ይመረምራል። ክራሚ በየአድባራቱ መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ከተጻፈው የመሬት ስጦታ ታሪክ ለማውጣት የደከመው ድካም ታላቅ ነው።

ነገር ግን ምስክሩ የመሬት ጽሕፈት የሆነ ታሪክ፥ ያልተጻፈውን ለማየት ይቸገራል። የእርሻ ወሰን ይጻፋል፤ ውኃ ግን በወራት ይመጣል፥ በወራትም ይሄዳል።

ለዚህ ነገር ጨፋ ምስክር ነው። የቦርከና ወንዝ ከደሴ አካባቢ ደጋ ወርዶ፥ በኮምቦልቻና በከሚሴ በኩል አልፎ በጨፋ ሜዳ ላይ ይንጣለላል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ከከሚሴ በስተ ደቡብ ያለችው ጨፋ ሮቢትም ስሟን የወሰደችው ከዚሁ ሜዳ ነው። ቃሉ በኦሮምኛ ውኃ የጠገበ የሣር መስክ ማለት ነው፤ የገዳ ሸንጎም ጨፌ ይባላል። እንግዲህ ውኃ ያለበት ስፍራና ሕግ የሚመከርበት ስፍራ በአንድ ቃል ይጠራሉ።

በክረምት ረግረጉ ይሞላል። በበጋ ቆላው ሲደርቅ ኦሮሞውና አርጎባው፥ ከምሥራቅም አፋሩ ከብቱን እየነዳ ወደ ሣሩ ይመጣል። ይህን ስፍራ በመሬት መዝገብ ያየ ሰው ጠፍ ይለዋል፤ በውኃ ያየው ግን የብዙ አገር መጠጊያ መሆኑን ያውቃል።

ስሕተቱ በመጽሐፍ ብቻ ቢቀር ጉዳቱ ባነሰ ነበር። ነገር ግን ቦይ የሚቀይሰውም ሰው በዚያው ዓይን ያያል። ረግረጉ ተጠንፍፎ ሲታረስ እህል ይገኛል፤ በድርቅ ዓመት ግን ከብቱ መድረሻ ያጣል፥ በእረኛና በገበሬ መካከልም ጠብ ይነሣል። ይህ ማለት ገበሬው አይረስ ማለት አይደለም፤ የወሎን የ1966 ዓ.ም. ረኃብ የሚያስታውስ ሰው እህልን አይንቅም። ነገር ግን የአንዱ ጎተራ በሌላው ጥማት አይሞላ ማለት ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት የብስ የተገለጠችው ውኃዎች ወደ ስፍራቸው ከተሰበሰቡ በኋላ ነው። የታሪክ ጸሐፊውና ቀያሹም ይህን ሥርዓት ሊከተሉ ይገባል፤ ውኃው በነሐሴ እስከ ወዴት እንደሚደርስ፥ በግንቦትም ማን እንደሚጠጣው አስቀድመው ይጠይቁ፤ የመሬቱን ገመድ ከዚያ በኋላ ይዘርጉ።