የዴሊቨሪ ሹፌር ሒሳብ

አዲስ ሰው ወደዚህ ሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በቀን ስንት ይገኛል?» ብሎ ነው። ሲያትል ውስጥ ይህን ያልተጠየቀ ነባር የዴሊቨሪ ሹፌር ያለ አይመስለኝም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤትም እጃችንን የሚጠብቅ ወገን አለ። ግን ስልኩ ላይ የሚታየውን ቁጥር ጠርቶ የሚመልስ ሰው ጠያቂውን ይጎዳዋል። ስልኩ የሚያሳየው የገባውን ብቻ ነው። ከዚያ ላይ መኪናው የሚወስደው አለ፣ መንግሥት የሚወስደው አለ፣ ለሕመምና ለእርጅና መቀመጥ ያለበትም አለ። ደመወዝ ማለት ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። ለዓመታት ምግብ ሳደርስ ከተማርኩት ሁሉ ትልቁ ይህን ለይቶ ማወቅ ነው፤ መኪና መንዳትማ ብዙ ሰው ይችላል።

ሥራው ሙያ አይጠይቅም የሚሉ አሉ። ቼሪ ጎዳና ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት የጾም በያይነቱ ተረክቦ ሳውዝ ሌክ ዩኒየን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ላይኛው ፎቅ ያደረሰ ሰው ግን እንዲህ አይልም። የምግብ ቤቷ እናት ዕቃውን ስትሰጥ «ልጄ፣ ቀጥ አድርገህ ያዘው፣ ሽሮው ይደፋል» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ቦርሳው መኪናው ወለል ላይ መቀመጥ አለበት፤ ወንበር ላይ ከሆነ ቁልቁለቱን ሲወርድ ወጡ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል። ሕንፃው ሲደረስ መኪና የሚቆምበት የለም። ባለ ቢጫ መስመሩ የጭነት ቦታ ተይዟል። በሩ በካርድ እንጂ በእጅ አይከፈትም፣ አሳንሰሩም እንደዚያው። ደንበኛው ስልክ አያነሳም። ይህ ሁሉ ሲሆን ደቂቃው ይቆጥራል። ነባር ሹፌር የትኛው ሕንፃ በጓሮ በር እንደሚያስገባ፣ የትኛው ምግብ ቤት ዓርብ ማታ ግማሽ ሰዓት እንደሚያቆም፣ ዝናብ ሲጥል የትኛው ሰፈር ትዕዛዝ እንደሚበዛበት ያውቃል። ትዕዛዝ ሲመጣለት በሰከንዶች ውስጥ ርቀቱን፣ አቀበቱን፣ ምግብ ቤቱንና መመለሻውን አመዛዝኖ ይቀበላል ወይም ይተዋል። በዚህ ሥራ እንጀራ የሚገኘው በዚህ እውቀት ነው።

ሲያትል ለዚህ ደቂቃ ዋጋ ከሰጡ ጥቂት ከተሞች አንዷ ናት። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ያጸደቀው የአፕ ሠራተኞች ዝቅተኛ ክፍያ ድንጋጌ ከጃንዋሪ 13 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በዚያ ዓመት መጠኑ ትዕዛዝ ተቀብለን እስክንጨርስ ድረስ ላለው ለእያንዳንዱ ደቂቃ 44 ሳንቲም፣ ለእያንዳንዱ ማይል 74 ሳንቲም ነበር፤ ድምሩ ከ5 ዶላር ካነሰም 5 ዶላር ይከፈላል። ቲፕ ከዚህ ውጭ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ዶላር መነሻ እየተሰጠን የቀረውን ከደንበኛው ቸርነት ስንጠብቅ ለኖርን ሰዎች ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ምግብ ቤቱ ሲያስቆመን የሚያልፈው ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ አገኘ።

ሕጉ ሲመጣ ግን ሌላም ነገር መጣ። ትልልቆቹ የአፕ ኩባንያዎች በየትዕዛዙ ላይ 5 ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ ክፍያ በደንበኛው ላይ ጫኑ፤ ትዕዛዝ ቀነሰ፣ አንዳንድ ደንበኛም ቲፑን ተወው። በአንዱ ትዕዛዝ የምናገኘው ሲጨምር በትዕዛዝና በትዕዛዝ መካከል መኪና ውስጥ ተቀምጠን የምንጠብቀው ጊዜ ረዘመ። 44 ሳንቲሙ ሲተመን ለመጠበቂያ ጊዜ ጥቂት ታስቦበታል፤ ጥበቃው ሲረዝም ግን ያ ጥቂት አይበቃም።

በቁጥር ላሳይ። ከካፒቶል ሂል ተነስቶ ቤልታውን የሚደርስ ትዕዛዝ ከመቀበል እስከ ማስረከብ 22 ደቂቃና 3 ማይል ፈጀ እንበል። በ2024ቱ መጠን ክፍያው 11 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነው። ስልኩ ላይ ይህ ቁጥር ሲመጣ ልብ ደስ ይለዋል። ከዚያ ወደ ምግብ ቤቶቹ ለመመለስ አንድ ማይል ተኩል፣ የሚቀጥለው ትዕዛዝ እስኪመጣ ደግሞ 8 ደቂቃ ይጨመርበት። ጠቅላላው ግማሽ ሰዓትና 4 ማይል ተኩል ሆነ። መኪናው ለእያንዳንዱ ማይል 67 ሳንቲም ይበላል ካልን ድርሻው 3 ዶላር ነው። ለሹፌሩ የቀረው 8 ዶላር ከ88 ሳንቲም ገደማ፣ በሰዓት ሲመታ 17 ዶላር ከ76 ሳንቲም። በዚያው ዓመት የሲያትል ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 19 ዶላር ከ97 ሳንቲም ነበር። ጥበቃው ከ8 ደቂቃ ወደ 28 ደቂቃ ቢረዝም ይኸው ሥራ በሰዓት ወደ 10 ዶላር ከ66 ሳንቲም ይወርዳል። የሹፌሩ ትጋት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ያልተከፈለበት ጊዜ ብቻ ነው። ቲፕ ጉድለቱን ሊሞላው ይችላል፤ በቲፕ ላይ ግን የኪራይ ውል አይፈረምም።

67 ሳንቲሙ ከየት መጣ? የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት፣ አይ አር ኤስ፣ ለ2024 የሥራ ማይል ያወጣው መጠን ነው። ቤንዚኑን፣ ኢንሹራንሱን፣ ጎማውን፣ ጥገናውንና የመኪናውን እርጅና ጠቅልሎ ይይዛል። ከ67ቱ ውስጥ 30 ሳንቲሙ የእርጅና ቅናሽ ነው። ሹፌሮች የማናየው ይህችን 30 ሳንቲም ነው። ቤንዚን በየቀኑ ከኪስ ስለሚወጣ ይታያል፤ እርጅና ግን ድምፅ የለውም። በዓመት 30,000 ማይል የሚነዳ ሰው በዚህ ስሌት ከመኪናው ላይ 9,000 ዶላር ፈጅቷል። የኩዊን አን ዳገት ፍሬኑንና ማርሹን የሚበላው ለብቻው ነው። የበሬውን ድርቆሽ ሸጦ «አተረፍኩ» የሚል ገበሬ የለም፤ እኛ ግን የመኪናውን ድርሻ ለአስቤዛና ለሐዋላ አውለን «ጥሩ ሳምንት ነበር» እንላለን። መኪናው የቆመ ቀን የሚቀጥለውን በከባድ ወለድ ለመግዛት እንገደዳለን፣ ወለዱን ለመክፈልም ሰዓት እንጨምራለን። ብዙ ጎበዝ ሠራተኛ ጠብ ሲል ስደፍን እየኖረ ዓመታት የሚያልፉበት በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ታክስ ይመጣል። ተቀጣሪ ሰው ደመወዙ ተቀንሶለት ይደርሰዋል፤ እኛ ሳይቀነስ ይደርሰንና ዓመቱ ሲያልቅ 1099 የሚባለው የገቢ ወረቀት ይከተላል። ለጡረታው ሥርዓት ለሶሻል ሴኩሪቲና ለአረጋውያን ሕክምና ለሜዲኬር ተቀጣሪው 7.65 በመቶ ይከፍላል፣ ያንኑ ያህል ቀጣሪው ይጨምርለታል። እኛ ሁለቱንም ራሳችን እንከፍላለን፤ 15.3 በመቶ ማለት ነው። የፌዴራሉ የገቢ ግብር በዚያ ላይ ይጨመራል። ክፍያውም በዓመት አራት ጊዜ ይጠበቃል፤ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15። ገንዘቡ በገባ ቁጥር ከመኪናው ወጪ የተረፈውን ሩብ ያህል ወደ ሌላ አካውንት የሚያዛውር ሹፌር ኤፕሪል ሲመጣ እንቅልፍ አያጣም። ማይሉን በየቀኑ የሚመዘግብ ደግሞ የማይገባውን ግብር አይከፍልም። መዝገቡ ቀኑን፣ መነሻና መድረሻውን፣ የማይሉን ብዛት ይያዝ፤ አፑ የሚቆጥረው ብዙ ጊዜ ትዕዛዝ የተያዘበትን መንገድ ብቻ ነውና።

እዚህ ላይ ወገኖቼ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ሁላችንም ታክስ የሚሠራልንን ሰው የምናመሰግነው ክፍያውን ዝቅ ሲያደርግልን ነው። ዝቅ ያለ ታክስ ግን ዝቅ ያለ የተጣራ ገቢ ማለት ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚመዘግበውም ያንኑ የተጣራውን ነው። በምሳሌ ላሳይ። በኪራይ ምክንያት ብዙዎቻችን ከሲያትል ወጥተን ወደ ኬንትና ሬንተን ገፋ ብለን ነው የምንኖረው። ጉዞው ሁሉ እዚያው የሆነ ትዕዛዝ በሲያትል ሕግ አይሸፈንም፣ መንገዱም ይረዝማል። እዚያ የሚሠራ ሰው በ2024 ዓመቱን ሙሉ 30,000 ዶላር አስገብቶ 36,000 የሥራ ማይል ነዳ እንበል። 24,120 ዶላር ይቀነስለታል፣ የተጣራው 5,880 ይሆናል። በዚያ ዓመት አንድ የሶሻል ሴኩሪቲ ክሬዲት 1,730 ዶላር ይጠይቅ ስለነበር በዓመት ከሚገኙት አራት ክሬዲቶች ሦስቱን ብቻ ያገኛል። ለጡረታ 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ የጡረታው መጠን ራሱ የሚሰላውም በተመዘገበው ገቢ ነው። ከ31 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በድንገት መሥራት ቢያቅተው ደግሞ በአብዛኛው ካለፉት 10 ዓመታት ውስጥ 20 ክሬዲት ማሟላት ይኖርበታል። ቤት ለመግዛት ባንክ ቢሄድም የሚታይለት የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀቱ እንጂ ስልኩ ላይ ያለው ገቢ አይደለም።

ይህን የምለው ሕጋዊ ቅናሹን ተዉት ለማለት አይደለም። ማይሉን በትክክል መቀነስ መብት ነው፣ ግዴታውም በትክክል ማስመዝገብ ነው። የምለው ቁጥሩ ሲያንስ የሚነግረንን እንስማ ነው። 36,000 ማይል ተነድቶ 5,880 ዶላር ብቻ የሚተርፍ ከሆነ ሥራው እየሸጠ ያለው ጉልበታችንን ብቻ ሳይሆን መኪናችንንም ነው። ያን ጊዜ መፍትሔው ሰዓት መጨመር አይሆንም፤ ሰፈር መቀየር፣ አጭር መንገድ ብቻ መቀበል፣ ወይም ደመወዝ ያለው ሥራ ይዞ ዴሊቨሪውን በጎን ማድረግ ነው። በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ የራስን መዝገብ ከፍቶ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም፤ በዓመት አንድ ጊዜ እያንዳንዱ ሹፌር ማየት አለበት።

ሰውነትም ያረጃል፣ አደጋም አለ። ተራው የግል የመኪና ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ በዴሊቨሪ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም፤ ተጨማሪ ሽፋን መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ዋጋውም ከሌላው ወጪ ጋር መቆጠር አለበት። በሲያትል ሥራ የሠራንባቸው 30 ቀናት አንድ የሚከፈልበት የሕመም ቀን ያስገኙልናል፤ ይህ መብት እያለ ትኩሳት ይዞት የሚነዳ ወንድም አውቃለሁ። የዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሕግ ሰው የሚያጓጉዙ የአፕ ሹፌሮች በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ የሚያገኙበትን መንገድ ከፍቷል። ምግብ የምናደርሰው ግን ራሳችን በፈቃዳችን ካልገባንበትና ካልከፈልን በስተቀር ከዚያ ውጭ ነን። ያው ጎዳና፣ ያው ዝናብ፣ ያው የመኪና ግጭት ሆኖ ሳለ ወንበሩ ላይ ሰው ተቀመጠ ወይም ምግብ ተቀመጠ ተብሎ ጥበቃው መለያየቱ ፍትሕ አይደለም።

እኛ ሐበሾች ለክፉ ቀን ባዶ እጃችንን አልመጣንም። እድሩ ሐዘን ሲመጣ ከጎናችን ይቆማል። እቁቡ በየሳምንቱ ያስቆጥበናል፤ የባሰበት ሲገኝም ዕጣው የወጣለት ሰው ለተቸገረው ይለቃል። እቁብን ለመኪና መተኪያ ብለው የያዙ ሹፌሮች የሚቀጥለውን መኪና ያለ ዕዳ ሲገዙ አይቻለሁ፤ ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ነገር ግን እቁብ የጡረታ ክሬዲት አያስገኝም፣ እድርም የተሰበረ እግር እስኪድን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ሁለቱን ይዘን የአገሩን ሥርዓት ካልጨመርንበት ዋስትናው ጎዶሎ ነው። እነዚሁ ማኅበሮቻችን በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ታክስ አዋቂና ነባር ሹፌር ጠርተው ለአዲስ መጪው ሒሳቡን ቢያስተምሩ ብዙ ቤተሰብ ያድናሉ።

ጠንክሮ መሥራትን ማንም እንዲመክረን አያስፈልግም። አሥራ ሁለት ሰዓት ደፋ ቀና የሚል ወላጅ በየቤቱ አለ። ግን ድካም በራሱ ዋስትና አይሆንም፤ በተሳሳተ ሒሳብ ላይ የተጨመረ ሰዓት ጉዳቱን ያበዛዋል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ሒሳባችንን እንወቅ። አውቀን ደግሞ በአንድነት እንጠይቅ። የ2022ቱ ድንጋጌ የጸደቀው ሹፌሮች ምክር ቤቱ ፊት ቀርበው የሥራቸውን ዋጋ በቁጥር ስላስረዱ ጭምር ነው። የቀረውም በዚያው መንገድ ይመጣል፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ ለእኛም ይገባናል። ትዕዛዝ እየጠበቅን መኪና ውስጥ የምናሳልፈው ሰዓትም የሥራ ሰዓት ነው፤ እስኪከፈልበት ድረስ መጠየቃችንን መተው የለብንም።