ትናንት የገባው ያስተምር

ዘንድሮ ሐይቅ ከተማ የተመደበ አንድ ወጣት መምህር የክፍሌን አቀማመጥ አየና፣ «አንደኛ የምትወጣውን ልጅ ትተው፣ በመከራ ሃምሳ የሚያገኘውን አስጠኚ ያደረጉት ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

አልፈርድበትም። ሁላችንም የሰለጠንነው ጎበዝ ሰነፉን ይጎትታል እየተባልን ነው። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት በነበረበት ዘመን ጎበዙ በጓደኞቹ ላይ ይሾምና በየሳምንቱ ቅጽ ይሞላ ነበር። ቅጹ ተሞላ፤ ሒሳቡ ግን አልገባቸውም። ጎበዝ ልጅ መልሱን ይሰጣል እንጂ መንገዱን አያሳይም፤ በየት በኩል እንደደረሰ እሱስ መቼ ያውቀዋል! ትናንት ማታ የገባው ልጅ ግን የተደናቀፈበትን ድንጋይ አልረሳውም። ሁለት ሦስተኛና አንድ አራተኛን ደምሮ ሦስት ሰባተኛ ያለ ጓደኛው ጋ ሲቀመጥ አይስቅም። እሱም ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰባተኛ ብሎ ነበራ! ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ እንደደመረው ወዲያው ያውቅበታል።

ይህን የተማርኩት ከማሠልጠኛ ኮሌጅ አይደለም፤ ከቄስ ትምህርት ቤት ነው። ንባብ ቤት የኔታ ሁሉንም ልጅ ራሳቸው አያስቆጥሩም። መልእክተ ዮሐንስ የደረሰው ፊደል ላይ ያለውን ያስቆጥራል፤ ዳዊት የጀመረው ደግሞ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ያለውን ይይዛል። ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያውን የቅኔ ዓይነት፣ ጉባኤ ቃናን፣ ተሻግሮ ዘአምላኪየ የገባ ተማሪ፣ ጉባኤ ቃና አልሞላ ያለውን ይዞ ጥላ ሥር ይቀመጣል። መወድስ የሚዘርፈው ሊቅ ለጀማሪ አይሆንም፤ ቶሎ ይሰለቻል። እኔን ግስ ያስጠናኝ ልጅ በአንድ ዓመት ቢበልጠኝ ነው። በእንተ ስማ ለማርያም ብለን የለመንነውን ከአኩፋዳ አውጥተን ስንበላ ደረቁን ወደ ራሱ ይስብና ለስላሳውን ወደ እኔ ይገፋ ነበር። ማንም አላዘዘውም። መምህር የሆንኩት በእሱ ይመስለኛል።

ቁርአን ቤት ያደጉ ባልደረቦቼም የሚያወሩት ከዚህ አይርቅም። ትንሹ ደረሳ ሸኹ ፊት ከመቅረቡ በፊት የእንጨት ሰሌዳውን፣ ሎሁን፣ ይዞ ከፍ ያለው ደረሳ ጋ ቁርአን ይቀራል። ወሎ እንደ ጀማ ንጉሥ ያሉ ታላላቅ የዕውቀት ቦታዎች ያሉት አገር ነው፤ ደረሳውም የቆሎ ተማሪውም በአንድ መንገድ ተጉዘዋል። አያቴ ሙስሊም ነበረች። ለሁለቱም ከአንዱ ሞሰብ ታወጣ ነበር፤ የሰጠችውን ሰደቃ ትለው እንደሆን እንጂ ለየትኛው እንደሰጠች አትቆጥርም።

ደግሞስ ሐይቅ ላይ ሆኖ ይህን መከራከር ያስፈልግ ነበር? በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርት ቦታ አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚሁ ገብተው በእሳቸው ሥር ለዓመታት ተማሩ፤ ኋላም ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው ኢየሱስ ሞዓን ራሳቸውን ካስተማሩት ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ቆብና አስኬማ ተቀበሉ። በደብረ ሊባኖስ ወገን እንደሚተረከው፣ ሲመለሱ ያንን ቆብና አስኬማ ለመምህራቸው ለኢየሱስ ሞዓ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ማን የማን አባት ነው የሚለውን ሊቃውንቱ ይከራከሩበት። እኔ የምወደው አንድ ነገር ነው፤ ትናንት የተቀበለ ተማሪ ዛሬ ለመምህሩ ሰጠ፣ መምህሩም እጁን ዘረጋ።

አሁን የሚያስቸግረኝ ፈተናው ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ደብተሩን በክንዱ ሸፍኖ የሚጽፍ ልጅ በዝቷል። ወላጆችም ልጄ በሌላው ልጅ ጊዜዋን አታጥፋ ይሉኛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ አልፎ መጽሐፍ በጠፋ ጊዜ ግን እነዚሁ ልጆች አንዱን መጽሐፍ ለአራት ከበው ሲያነቡ አይቻለሁ።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖት አይሰበክም፤ ደግም ነው። ያም ሆኖ አንድ ወንበር ላይ አንዷ አማትባ፣ አንዷ ቢስሚላህ ብላ ፈተና ይጀምራሉ። አብረው መጸለይ አይችሉም። አንዷ የሌላዋን አለማወቅ ስትታገስ፣ የትናንቱን የራሷን አለማወቅ አስታውሳ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ግን፣ እኔ በጾም ስፈልገው የኖርኩት ትሕትና እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየዋለሁ። ማናቸውም ከእምነታቸው ሳይወጡ እግዚአብሔርን አብረው የሚያገለግሉበት ቦታ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ወጣቱ ባልደረባዬ ይህን ስብከት ይለዋል። ይበለው።

አሁንም ጎበዟ ተበደለች ባይ ነው። አልተበደለችም። እንግሊዝኛ ለመናገር አፏ ይተሳሰራል፤ ገና በዚህ ሴሚስተር አፉን የፈታ አንድ ልጅ አጠገቧ አስቀምጬላታለሁ።

መምህራን፣ የፈተና ውጤት ስትለጥፉ ዓይናችሁ ከላይኛው ስም ላይ አይቅር። ካለፈው ፈተና ወዲህ ከአርባ ወደ ሃምሳ አምስት የወጣውን ልጅ ፈልጉና አጠገቡ ሰው አስቀምጡ።