የዜኒት ሁለት ቀለበቶች

ዜኒት-ኢ የተባለውን የፊልም ካሜራ ላላየ ሰው ላሳየው ብል የምጀምረው ከሌንሱ ነው። ሄሊዮስ 44-2 የተባለው ባለ 58 ሚሊሜትር ሌንስ ጫፉ ላይ ሁለት ቀለበቶች አሉት። አንደኛው ሲዞር ቀጭ ቀጭ እያለ በየቁጥሩ ይቆማል፤ ሁለተኛው ያለ ድምፅ ይንሸራተታል። ፎቶ አንሺው በመጀመሪያው ቀለበት የብርሃን መግቢያውን ስፋት የሚወስነውን ቁጥር፣ ለምሳሌ 8ን፣ ይመርጣል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መግቢያው ይሰፋልና፣ በሁለተኛው ደግሞ እስከ 2 ወለል አድርጎ ይከፍትና በዚያ ደማቅ ምስል ፎከሱን ያስተካክላል። ከዚያ ዓይኑን ከመመልከቻው ሳያነሣ ቀለበቱን በጣቱ ይመልሰዋል። ቀለበቱም ልክ 8 ላይ ሲደርስ ወዲያ አልሄድም ብሎ ይቆማል። ውስጡን በፊት ለፊት ለሚያይ ሰው፣ 8 ጥቋቁር ስስ ብረቶች አንዱ በሌላው ላይ እየተደረቡ ክቡን ሲያጠብቡት ይታያል። ጣት ብቻውን፣ በጨለማም ቢሆን፣ ልኩን ያውቃል። እኔ ይህን ቀለበት ሥራ በሌለኝ ሰዓት እንኳ አዞረዋለሁ።

ካሜራው የተሠራው በሞስኮ አጠገብ በምትገኘው ክራስኖጎርስክ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ሌንሱ የጀርመኑን የካርል ዛይስ ቢዮታርን መሠረት አድርጎ የተነደፈ ነው። ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት ለትምህርት ሄደው ዜኒት አንግተው የተመለሱ ነበሩ። ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ የማነሣበት የእኔ ካሜራ መለያ ቁጥሩ በ78 ይጀምራል። የክራስኖጎርስክ ሰዎች የምርት ዓመቱን ከቁጥሩ ፊት ያስቀምጡ ስለነበር፣ የ1978 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ነው ማለት ነው።

ዜኒት ሻካራ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ከባድ ነው፣ ምስሉን ወደ መመልከቻው የሚያንጸባርቀው መስታወትም ሲነሣ ጓ ይላል። ከላይካ ካሜራ ጋር አስቀምጦ ልስላሴ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። እኔ ግን የእጅ ጥበብን በልስላሴ ብቻ መመዘን ትክክል አይመስለኝም። የዜኒትን ጥበብ ለማየት የኋላ መዝጊያውን ከፍቶ፣ ፊልም ሳያስገባ፣ ወደ መስኮት አዙሮ መተኮስ ነው። ሁለት ጥቋቁር የጎማ ቅብ ጨርቆች አሉ። ቁልፉ ሲጫን አንደኛው ይሮጣል፣ ሁለተኛው ይከተለዋል፤ ፊልሙን ብርሃን የሚያገኘው በሁለቱ መካከል በሚቀረው ክፍተት ነው። በ1/500 ሰከንድ ክፍተቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ይጠርጋል። በ1/30 ግን ሁለተኛው ጨርቅ ከመነሣቱ በፊት የመጀመሪያው ጉዞውን ስለሚጨርስ፣ ለአፍታ ፊልሙ በሙሉ ይገለጣል። በፍላሽ የሚያነሣ ሰው ከ1/30 እንዳያልፍ የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ካለፈ ግማሹ ምስል ጨለማ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያዝ ባትሪ የለም። የተወጠረ ሞላና ጥርስ ያለው ጎማ ነው። የፍጥነት ቁልፉ ራሱ በተኩሱ ጊዜ ይሽከረከራል፤ ጣት ከነካው ሰዓቱ ይዛባል።

ብርሃን መለኪያውም ባትሪ አይሻም። ከሌንሱ በላይ ያለው መስታወት ፊቱ እንደ ንብ ቀፎ የተከፋፈለ ነው። ከኋላው ያለው ሴሊኒየም ብርሃን ሲያገኝ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያ ጥቂት ኃይል አናቱ ላይ ያለችውን መርፌ ያንቀሳቅሳል። ሴሊኒየም ከዘመን ብዛት ሊደክም ስለሚችል፣ ሲገዙ በእጅ ሸፍኖ ገለጥ እያደረጉ መርፌዋ መነቃነቋን ማየት ይገባል።

ቀድሞ አገራችን ውስጥ የፎቶ ሥራ እንዲህ ቀላል መሣሪያ አልነበረውም። ከአርመኖቹ ቦያጂያኖች አባትየው በድሮስ የምኒልክ፣ ልጁ ኃይጋዝ የዘውዲቱ፣ ታናሹ ቶርኮም የኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ነበሩ። በአባትየው ዘመን ሥራው የመስታወት ሰሌዳ፣ ትልቅ ሣጥንና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ነበር፤ ተነሺውም ፀጥ ብሎ መቆም ነበረበት። ዜኒት ያንን ሁሉ በአንድ አንገት ማንገቻ አሳጠረው።

ነቀምቴ ላይ ከሁሉ የምወደው የአካባቢው ገዥ የነበሩትን የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ማንሣት ነው። የእንጨት ሥራው የእንጨት ሠሪን እጅ ያሳያል፤ ጥላና ብርሃኑም ከ2 ሺህ ሜትር ከፍታ አየር ጋር ተዋህዶ ጥርት ይላል። የብርሃን ስሜቱ 100 የሆነ ፊልም ይዤ ጥርት ያለ ፀሐይ ሲሆን 16 ላይ በ1/125 እሠራለሁ። ደመና ሲጫን 8ን እመርጣለሁ፤ በረንዳው ጥላ ውስጥ ስገባ ደግሞ 4 ላይ በ1/60 ይበቃኛል። ሄሊዮስን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ከኋላው ቅጠል ያለ ሰው ማንሣት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከኋላ ያለው ቅጠል በክብ እየተጠቀለለ በፊቱ ዙሪያ ይሽከረከራል። ብዙዎች ዛሬ ይህንን ሌንስ የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

የወለጋ ክረምት ግን ለዚህ ዓይነት ዕቃ ፈተና ነው። ዝናቡ ለወራት ሲወርድ የተቆለፈ ሌንስ ሻጋታ ይይዛል። ሻጋታው መጀመሪያ እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን ሆኖ ይታያል፤ ከቆየ የመስታወቱን ቅብ ይበላና በማጽዳት አይለቅም። በተለይ ጥፋተኛው ያ የሚያምረው የቆዳ ማኅደሩ ነው፤ እርጥበትን ይዞ ያቆያልና። ካሜራው ከማኅደሩ ወጥቶ፣ አየር ባለበት መደርደሪያ ላይ ክረምቱን ቢያሳልፍና ደረቅ ቀን ሲገኝ ቢሠራበት ይሻላል። የቀለበቶቹ ቅባትም የሚደርቀው ያለ ሥራ ሲቆይ ነው። አሮጌ የሚገዛ ሰው በሌንሱ ውስጥ ባትሪ መብራት አብርቶ ከኋላ ይመልከት፤ መዝጊያውን ከፍቶም ጥቁሩን ጨርቅ በብርሃን ላይ ይመርምር፤ መርፌ ያህል ቀዳዳ ካለው በየፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ይተዋል።

የመጨረሻው ጠባዩ መመልከቻው ነው። ፊልሙ 24 በ36 ሚሊሜትር ይይዛል፤ መመልከቻው የሚያሳየው ግን 20 በ28 ያህሉን ነው። ስለዚህ ፊልሙ ሲታጠብ፣ ያላየነው ልጅ፣ የአህያ ጆሮ፣ የጃንጥላ ጫፍ በዳሩ ላይ ይገኛል። ጨለለቂ መንገድ ላይ የማነሣው በዚህ ሳቢያ ከልምዴ አንድ እርምጃ ቀርቤ ነው። ምስሉ ሲታተም ዳሩን መቁረጥ ይቻላል፤ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጁን አልቆርጠውም።