መብትና ግዴታ በእርሻ ዐዋጆቻችን ቋንቋ

በአዲስ አበባ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በጌጃ ሰፈር ከዘመዶቻቸው ቤት ያረፉ አንድ የጎጃም ሽማግሌ ለሰበር ችሎት የሚያቀርቡትን አቤቱታ ሲያስጽፉ ለማዳመጥ ዕድል አግኝቼ ነበር። ሽማግሌው ነገራቸውን የጀመሩት «አባቴ የገበረበት፣ እኔም ያረስሁት መሬት ነው» በማለት ነው። ማመልከቻ ጸሐፊው ግን ይህን ሰምቶ «ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ስለ ተጣሰ» ብሎ ጻፈ። በሽማግሌው አፍና በጸሐፊው ብዕር መካከል ያለው ርቀት ለዚህ ሂስ መነሻ ሆኖኛል።

ስለ እርሻ ፖሊሲ የሚናገሩ ሰዎች ዘወትር በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወገን የገበሬውን መብት ያነሣል፤ ሌላው ትጋትንና የግል ኃላፊነትን ይሰብካል። እኔም በውጭ አገር ስማር ክርክሩን በዚሁ መልክ ነበር የተማርሁት። ነገር ግን በዚያ አገር መሬቱ የገበሬው የግል ሀብት ስለ ሆነ ጠቡ መንግሥት ገበሬውን ይደጉም ወይስ አይደጉም በሚል ላይ ነው። በእኛ አገር ግን መሬቱ ራሱ በገበሬው እጅ የሚቆይበት ምክንያት ገና አከራካሪ ነው። ስለዚህ የተዋስነው ክፍፍል የራሳችንን ጽሑፎች በትክክል እንዳናነብ አድርጎናል።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይዘውት የወጡት «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር እንደ መብት ጩኸት ብቻ ሲነበብ ኖሯል። ቃሉን ግን ልብ ብለን እንመልከት። መሬቱ የተባለው ለድኻው ወይም ለተወላጁ ሳይሆን ለአራሹ ነው፤ ተቀባዩ የተጠራው በሥራው ስም ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅም ይህንኑ ሕግ አደረገው፤ ይኸውም ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ከ10 ሄክታር፣ ማለት ከሩብ ጋሻ፣ የማይበልጥ መሬት እንዲሰጠው አዘዘ። ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴትና በሕመም ወይም በእርጅና የደከመ ሰው ካልሆኑ በስተቀር በቅጥር ሠራተኛ ማሳረስንም ከለከለ። እንግዲህ መብትና ግዴታ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አብረው ነበሩ። ጉድለቱ የአራሹን ግዴታ ሲናገር ለአራሹ ግዴታ ያለበት ማን እንደ ሆነ በዚያው ልክ አለመናገሩ ነው።

ከዚያ በፊት በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ባመፁ ጊዜ፣ ግዴታቸውን የጠሉ ሰዎች ተደርገው ይታዩ ነበር። ሆኖም ርስት በእነርሱ ዘንድ መብት የሆነው ስለሚገበርበት ነው። የፈሩት መሬቱን መለካትና መመዝገቡ ርስታቸውን እንዳያፈርስባቸው እንጂ ግብር የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ አልካዱም። ርስትን የማያጸና ግብር ለእነርሱ ግዴታ ሳይሆን ግድ ነበር።

እዚህ ላይ የቋንቋው ነገር ሊታለፍ አይገባም። «ግዴታ» የሚለው ቃላችን ከ«ግድ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ሰው ወዶ የሚሸከመውንም፣ ተገዶ የሚፈጽመውንም በአንድነት ይጠራል። ሁለቱን የሚለያቸው ተሸካሚው በአንጻሩ የሚያገኘው ነገር መኖሩ ብቻ ነው።

በዚህ መመዘኛ የ1997 ዓ.ም. የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 456 ሲመዘን ሚዛኑ ይዛባል። ባለይዞታው መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ አለበት፤ መሬቱ ቢጎዳ የመጠቀም መብቱን ያጣል። ግዴታው ስም ያለው ባለቤትና የታወቀ ቅጣት አለው ማለት ነው። መንግሥት መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ካሳ እንዲከፍል መደንገጉ እውነት ነው፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን ካሳ የሚነሣው ገበሬው ከመሬቱ ሲለቅ ነው። በመሬቱ ላይ ሳለ ስለሚገባው ድጋፍ የሚናገረው ቋንቋ ይህን የመሰለ ቅጣት አያውቅም። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የዘር ወቅት ደርሶ ማዳበሪያ በጠፋ ጊዜ ገበሬዎች ሰልፍ ወጥተው ነበር። ማሳውን ያላለማ ገበሬ ተጠያቂ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ማዳበሪያው በጊዜው ባለመድረሱ መብቱን የሚያጣው ግን ማን ነው?

ያ ዐዋጅ በ2016 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። አዲሱንም ሆነ ወደ ፊት የሚወጣውን የሚያነብ ተማሪ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሣ መልካም ነው፤ ግዴታው የተጫነው በማን ላይ ነው? ያልፈጸመው ምን ያጣል? አለመፈጸሙንስ የሚፈርድ ማን ነው? መልሱ በአንድ ወገን ብቻ ሲሞላ፣ ስለ ኃላፊነት የሚሰጠው ስብከት የኃይለኛው ንግግር ሆኖ ይቀራል።

ሽማግሌው ማመልከቻው ሲነበብላቸው አንድ ነገር ብቻ አሳረሙ፤ «የገበርሁበት የሚለውን አስገባልኝ» አሉ። ጸሐፊው ለክርክሩ አያስፈልግም ብሎ ነበር። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ያ ቃል ይመስለኛል።