የገዥው መዝገብ፤ ስለ ዊልያም ብራድፎርድ መጽሐፍና ስለ ድሬዳዋ ጅምር

በዚህ ወር የምንመለከተው መጽሐፍ ዊልያም ብራድፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ስለ ፕሊመዝ ሰፈር የጻፈው ታሪክ ነው። ደራሲው ነገሩን ከሩቅ ሰምቶ ያወራ ሰው አይደለም። በመርከቡ ተሳፍሮ፥ በብርዱ ታሞ፥ ኋላም ከ1621 እስከ ሞተበት እስከ 1657 ድረስ ከጥቂት ዓመታት በቀር በየዓመቱ እየተመረጠ ሰፈሩን ያስተዳደረ ገዥ ነበር። (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር አድርገናል።) መጽሐፉን ለዚህ ገጽ የመረጥነው፥ የምንኖርባት ድሬዳዋም ከየአገሩ በመጡ ሰፋሪዎች የቆመች ከተማ ስለ ሆነችና፥ ብራድፎርድን ስናነብ የእርሷ መጽሐፍ ወዴት አለ ብለን ለመጠየቅ ስለ ተገደድን ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው በገዛ ሥርዓታቸው ለማምለክ የፈለጉ ምእመናን በ1608 ወደ ሆላንድ ተሰደዱ። እዚያም ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ፥ ከፊሎቹ ሌሎችን ጨምረው በ1620 ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ተሳፋሪዎቹ 102 ነበሩ። ከመውረዳቸው በፊት 41 ወንዶች በአንድ መንግሥት ሥር ለመተዳደር የቃል ኪዳን ወረቀት ፈረሙ። መምህራቸው ጆን ሮቢንሰን ከቀሩት ምእመናን ጋራ በሆላንድ ቀርቶ እዚያው ስለ ሞተ፥ ጸሎቱንና ትምህርቱን የመራው ዊልያም ብሩስተር የተባለ፥ ቅስና ያልተቀበለ ሽማግሌ ነው።

የመጽሐፉ ኃይል ያለው በመጀመሪያዎቹ የብርድ ወራት ትረካ ላይ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከሰፋሪዎቹ እኩሌታው አለቀ። ደዌው በበረታበት ጊዜ በእግራቸው የቆሙት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እነዚህም እንጨት እየፈለጡ፥ እሳት እያነደዱ፥ የበሽተኛውን ልብስ እያጠቡ፥ ማንም ሊነካው የሚጸየፈውን ሁሉ ያለ ማጕረምረም ሠሩ። ከእነርሱ አንዱ ብሩስተር ነበር። ብራድፎርድ ራሱን ከአስታማሚዎቹ አይቈጥርም፤ ከታመሙት ጋራ ሆኖ ውለታቸውን ይመሰክራል እንጂ። ሃይማኖት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ እውነተኛ ሆኖ የታየን፥ ደራሲው የእግዚአብሔርን ጥበቃ በሚያትትበት ገጽ ሳይሆን በዚህ በልብስ አጠባው ላይ ነው።

ስለ ራሱ ኀዘን ግን ዝም ብሏል። ሚስቱ ዶሮቲ መርከቡ ወደቡ ላይ ቆሞ ሳለ ከባሕር ወድቃ ሞታለች። እርሱ በትረካው ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ በመጨረሻ ባኖረው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ ብቻ፥ እንደ ደረሱ ሞተች ብሎ አልፏታል። ይህን ዝምታ አንዳንዶች የልብ ድንዳኔ ይሉታል። እኛ ግን መዝገቡ የሕዝብ እንጂ የራሱ እንዳልሆነ ያመነ ሰው ሥነ ሥርዓት አድርገን ወስደነዋል።

የመሪነቱም ነገር ከዚሁ ይመነጫል። መጀመሪያ ሰፋሪዎቹ ሁሉ በአንድነት ያርሱ፥ ምርቱንም ከአንድ ጎተራ ይካፈሉ ነበር። ጕልበት ያላቸው ጐበዞች ለሌላ ሰው ሚስትና ልጆች ያለ ዋጋ መድከም ሰለቻቸው፤ አጕረመረሙም። ገዥው ከሌሎች ጋራ ተማክሮ በ1623 ለየቤተ ሰቡ የበቆሎ መሬት አካፈለ፤ ቀድሞ ሕመም ያመካኙ የነበሩ ሴቶች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እርሻ ወጡ። ምእመናን ናቸውና አያጕረመርሙም ብሎ አልሸፋፈነውም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከሹም እጅ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አናይም።

ሆኖም ዓይኑ የማያይበት ወገን አለ። ሰፈሩ የተሠራው ፓቱክሴት በሚባል፥ ሕዝቡ በወረርሽኝ ባለቀበት መንደር ላይ ነው። ከዚያ ሕዝብ የተረፈው፥ ቀድሞ ተማርኮ ወደ አውሮፓ ተወስዶ የነበረው ቲስኳንተም በቆሎን ከዓሣ ጋራ መዝራት አስተማራቸው። ብራድፎርድ ይህን ሰው ለሰፋሪዎቹ ከእግዚአብሔር የተላከ መሣሪያ አድርጎ ያመሰግነዋል፤ የዚያን ሰው ስደትና ኀዘን ግን ከእስራኤል ልጆች ስደት ጋራ አላስተካከለውም። በ1637 የፔኳት ነገድ መንደር ከነሕዝቡ ሲቃጠል ድሉን እንደ መሥዋዕት ቈጥሮ ያመሰግናል። ያን ገጽ የልብስ አጠባውን ገጽ በጻፈው እጅ መጻፉ አንባቢን ያስደነግጣል።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ። ሐረር በተራራ ላይ ስለ ሆነች ሐዲዱ ከሥር አለፈ፤ አዲሲቱም ከተማ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር፤ ስሙ ግን አልጸናም። ከደቻቱ አሸዋ በወዲህና በወዲያ ከዚራና መጋላ ተመሠረቱ። ኩባንያው በገንዘብ እጦት ወድቆ ሥራው ተቋረጠ፤ አዲስ አበባ የተደረሰው በ1917 ነው። እዚህ የመጡት እንደ ፕሊመዝ ሰዎች በአንድ ሃይማኖትና በአንድ ቃል ኪዳን አልተሳሰሩም። ኦርቶዶክሱ፥ እስላሙ፥ ካቶሊኩ፥ አርመኑ፥ ግሪኩ፥ ሕንዱ በደመወዝና በንግድ ተገናኙ፤ መሬቱም የኢሳ፥ የጉርጉራና የኖሌ ከብት አርቢዎች ይውሉበት የነበረ ነው። ሐዲዱ በግጦሻቸው ሲያልፍ የተቃወሙት የኢሳ ሰዎች ከሠራተኞቹ ጋራ ተጋጭተዋል። በሙቀቱና በውኃ ጥም የሠራው የቀን ሠራተኛ፥ የታመመውን ማን አስታመመው? ስለ መሐንዲሱና ስለ ኩባንያው ከሚነገረው ብዛት ጋራ ሲመዘን፥ ስለ እርሱ የምናነበው እጅግ ያነሰ ነው።

የሚያስቈጨው፥ ከተማይቱ የሚጽፍ ሹም አጥታ አለመሆኑ ነው። የአማርኛን ልብ ወለድ የጀመሩት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበሩ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም በዚሁ ሹመት ላይ ሳሉ በ1919 አረፉ። ጕምሩኩን የያዘ ሰው ገቢውንና ወጪውን፥ መጪውንና ተሻጋሪውን ሁሉ ያያል፤ ብራድፎርድም ከዚህ የተሻለ መቀመጫ አልነበረውም። በተለይ ገብረ ሕይወት ስለ ሃይማኖት ነፃነት አስቀድመው ያሳሰቡ፥ ድኽነትንም ከምንጩ የመረመሩ ሰው ነበሩና፥ ብራድፎርድ ያላየውን ወገን ባዩት ነበር እንላለን። እርሳቸው ግን የመላው አገር ጭንቀት ይዟቸው ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር ጻፉ። ያም መጽሐፍ ሳይታተም ቈይቶ፥ ካረፉ ከ5 ዓመት በኋላ በ1924 በወዳጃቸው በጳውሎስ መናመኖ ትጋት ለንባብ በቃ።