በግማሽ የታጨደ ማሳ

ጆን ኪትስ በ1818 «ኤንዲሚዮን» የተባለ ረጅም ግጥሙን ሲያሳትም፣ ያማረ ነገር የሚሰጠው ደስታ ዘላለማዊ ነው ብሎ ጀመረ። ይህን አባባሉን ግጥሙን ከነጭራሹ ያላነበበ ሰው እንኳ ይጠቅሰዋል። ከ4,000 በላይ የሆኑት የግጥሙ ስንኞች ግን መክፈቻው የገባውን ቃል መሸከም ከብዷቸው ይንገዳገዳሉ። ከዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ የጻፈው «ለመፀው» 33 ስንኝ ብቻ ነው። በሮማንቲክ ዘመን ስለ ተፈጥሮ ውበት ከተጻፈው ሁሉ ደስታው ያልነጠፈ አንድ ሥራ ምረጥ ብባል ሳላመነታ ይህን አነሣለሁ። ኪትስ እዚህ ላይ ደስታ ይዘልቃል ብሎ አልማለም፤ እንዲዘልቅ አድርጎ ሠራው እንጂ።

ቀኑ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 19 ቀን 1819፣ እሑድ ነው። ኪትስ ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ በምትገኘው ዊንቸስተር ከተማ ሰንብቷል፤ 24 ዓመት ሊሞላው ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ታናሽ ወንድሙ ቶም በሳንባ ነቀርሳ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። በዚያ እሑድ በእግሩ ወጣ ብሎ ሲንሸራሸር ታጭዶ ያለቀ ማሳ አየ። ከሁለት ቀን በኋላ ለወዳጁ ለሬይኖልድስ በላከው ደብዳቤ፣ የማሳው መልክ ከጸደይ ቀዝቃዛ አረንጓዴ ይልቅ እንደማረከው፣ ሲያዩትም ሙቀት ያለው እንደሚመስል ጻፈለት። ለእኛ መስከረም አደይ የሚፈነዳበት ወር ነውና ግጥሙን የሚያነብ አበሻ ኅዳርን ቢያስብ ይቀናዋል፤ ማጭዱ፣ አውድማው፣ ጎተራው፣ ቃርሚያው ሁሉ አለ።

የመጀመሪያው አንጓ በፍሬ የተጨናነቀ ነው። መፀው ከፀሐይ ጋር መክሮ የወይኑን ሐረግ በሣር ክዳኑ ዙሪያ ያሸክማል፣ ያረጁትን የፖም ዛፎች ያጎብጣል፣ ቅሉን ያሳብጣል፣ የለውዙን ፍሬ በቅርፊቱ ውስጥ ያወፍራል። አሥራ አንዱም ስንኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማሰሪያ አንቀጽ ግን የለውም። ማሸከም፣ ማጉበጥ፣ መሙላት፣ ማሳበጥ እያለ ይደረድርና ሳያስር ይተወዋል። ሰዋስው የሚያርም መምህር ቀይ ቀለም ያነሣበት ነበር። ኪትስ ግን አውቆ ነው ያደረገው፤ ዓረፍተ ነገሩ ካልታሰረ መሙላቱም አያበቃም።

አንጓው መጨረሻ ላይ ንቦች ይመጣሉ። መፀው ዘግይተው የሚያብቡ አበቦችን ደጋግሞ ስለሚያፈካላቸው፣ ሙቀቱ መቼም የሚያልቅ አይመስላቸውም። «ኤንዲሚዮን» ላይ ዘላለምን የተናገረው ገጣሚው ራሱ ነበር፤ እዚህ ዘላለምን የሚያምኑት ንቦቹ ናቸው። ኪትስ አይስቅባቸውም፣ አያርማቸውምም። የማር እንጀራቸው ሞልቶ ሲፈስ ያሳየንና ያልፋል። ብርዱ እንደሚመጣ እኛ እናውቃለን፤ ማሩ ግን እውነተኛ ማር ነው።

አሁን የዚህ ማር መፍሰስ የት ቦታ ላይ እንደተቀመጠ እንይ። ኪትስ በዚያው ዓመት ጸደይ ከጻፋቸው ዝነኛ ውዳሴዎች፣ ለሌሊት ዘማሪዋ ወፍና ለግሪኩ ማሰሮ የጻፋቸው፣ ባለ አሥር ስንኝ አንጓ አላቸው። ለመፀው አንድ ስንኝ ጨመረ። ዘጠነኛውና አሥረኛው ስንኝ ተከታትለው ቤት ሲመቱ ጆሮ አንጓው የተዘጋ ይመስለዋል። ሰባተኛው ስንኝ ግን ጓደኛ ሳያገኝ ተንጠልጥሎ ቆይቷል፤ አሥራ አንደኛው መጥቶ ከእሱ ጋር ቤት ይመታል። የንቦቹ እምነት የሚያበቃው በአሥረኛው፣ ጆሮም ይበቃል በሚልበት ላይ ነው። ማሩ የሚፈሰው በተጨማሪው ስንኝ ነው። ከልኩ የተረፈው ስንኝ ከልኩ የተረፈውን ማር ተሸከመ። ይህን ዓይነት ሙያ አይቶ ዝም ማለት እኔ አልችልም።

ሁለተኛው አንጓ ላይ መፀው ሰው ይሆናል። አንዴ ጎተራ ውስጥ ወለሉ ላይ ዘና ብሎ ይቀመጣል፤ ገለባውን ከፍሬው የሚለየው ነፋስ ጠጉሩን ያነሣዋል። አንዴ በግማሽ በታጨደ ትልም ላይ የፖፒ አበባ ሽታ አስክሮት ያንቀላፋል፤ ማጭዱም ቀጥሎ ያለውን እህል ከተጠመጠሙበት አበቦች ጋር ሳይነካው ይቆያል። አጫጁ ስለተኛ ብቻ በሕይወት የቆዩ አበቦች! በግጥሙ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ቦታ ይህ ነው። ከዚያ መፀው ቃራሚ ሆኖ፣ የለቀመውን በራሱ ተሸክሞ ወንዝ ይሻገራል። ዓረፍተ ነገሩ ስንኙ መጨረሻ ላይ አያርፍም፤ አንድ እግሩን አንሥቶ ወደሚቀጥለው ስንኝ ይራመዳል፤ ሸክሙን ሳያናውጥ የሚሻገር ሰው የሚያደርገውን የአንባቢው ድምፅም ያደርጋል። አሥራ አንደኛው ስንኝ እዚህም ሥራ አለው፤ መፀው የፖም መጭመቂያው አጠገብ ተቀምጦ የመጨረሻዋን ጠብታ ለሰዓታት ይጠብቃል።

ኪትስን በዝምታው የሚወቅሱ አሉ። ግጥሙ ከተጻፈበት ወር ቀደም ባለው ወር፣ ኦገስት 16 ቀን፣ ማንቸስተር ላይ ፈረሰኛ ጦር በሰላም የተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ሰይፍ መዝዞ ሰው ገድሏል። ኪትስ ጉዳዩን ያውቃል፤ ግጥሙን ከመጻፉ ስድስት ቀን በፊት ለንደን ውስጥ የዚያን ስብሰባ ተናጋሪ ሄንሪ ሃንትን ሊቀበል የወጣውን ሕዝብ በዓይኑ አይቷል። ወቀሳው ይገባኛል፤ አልቀበለውም እንጂ። ወቅቱን ሰው ሲያደርገው ዘውድ አልደፋለትም፤ የድሃ ድርሻ የሆነውን ቃርሚያ ነው ያሸከመው።

ሦስተኛው አንጓ የጸደይ ዜማ የት ገባ ብሎ ይጠይቅና ወዲያው ጥያቄውን ይተወዋል፤ መፀው የራሱ ዜማ አለው። አኻያ ዛፎች መካከል ትንኞች ነፋሱ ሲነሣ ከፍ፣ ሲበርድ ዝቅ እያሉ ያላዝናሉ። የጸደይ ግልገሎች አድገው ከኮረብታው ይጮኻሉ። ፌንጣው፣ ደረተ ቀዩ ወፍ ተራ ይገባሉ። መሞትና ማልቀስ በቃላቱ ውስጥ ተበትነዋል፤ ቀኑ ቀስ ብሎ ይሞታል፣ ነፋሱ ይሞታል። «እኔ» የሚል ቃል ግን በ33ቱ ስንኝ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። ወንድሙን የቀበረ፣ ሐኪም ለመሆን ተምሮ የበሽታን መንገድ የሚያውቅ ወጣት ሐዘኑን ለትንኞቹ ሰጥቶ ራሱ ገለል አለ።

ረቂቁ ላይ ያደረገው እርማትም ይህንኑ እጅ ያሳያል። መጀመሪያ ቀኑን ወርቅ የምታለብሰው አንዲት የወርቅ ደመና ነበረች፤ ወርቁን አወጣና በመስመር የተዘረጉ ደመናዎች የሚሞተውን ቀን እንዲያፈኩት አደረገ። ሁለተኛው እርማት የመጨረሻው ስንኝ ላይ ነው፤ ብርድ ሲገባ ወደ አፍሪካ የሚሰደዱት ስዋሎው የሚባሉ ትናንሽ ወፎች ሰማዩ ላይ የሚንጫጩበት። በረቂቁ ወፎቹ ተሰብስበው አብቅተዋል፤ የቀራቸው መሄድ ብቻ ነው። በ1820 በታተመው መጽሐፍ ላይ ግን ገና እየተሰበሰቡ ናቸው።