በቪዲዮ ኮንፈረንስ የሚሰጥ የቋንቋ ትምህርትና የተማሪዎች ንግግር

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ትምህርት ካቋረጡ ወዲህ፥ ቋንቋን በቪዲዮ ኮንፈረንስ ስለ ማስተማር ብዙ ተብሏል። ከሚሰነዘሩት አስተያየቶች አንዱ፥ ተማሪው ካሜራውን ዘግቶ ዝም የሚለው ከስንፍና የተነሣ ነው የሚል ነው። ይህ አስተያየት የነገሩን ግማሽ ብቻ ያየ ይመስለናል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ማይክል ሙር በርቀት ትምህርት የሚደረገውን ግንኙነት በሦስት ከፍሎታል፤ ይኸውም ተማሪው ከትምህርቱ፥ ከመምህሩና ከጓደኛው ጋር የሚያደርገው ነው። ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን በሌላ ትምህርት ንግግር መሣሪያ ሲሆን፥ በቋንቋ ትምህርት ንግግሩ ራሱ ትምህርቱ ስለ ሆነ፥ ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ በዐሥር ቋንቋዎች ላይ የተደረገ ጥናት፥ አንዱ ጠይቆ ሌላው እስኪመልስ የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል መሆኑን አሳይቷል። መስመሩ ድምፁን ሲያዘገየው ሁለት ሰዎች ባንድነት ይጀምራሉ፥ ባንድነትም ያቆማሉ፤ በመጨረሻም ሁሉም መምህሩ ስም እስኪጠራ ይጠብቃል። ምስል ከድምፅ ይልቅ ብዙ ዳታ ስለሚፈጅም፥ ካሜራውን የዘጋው ተማሪ ድምፁ እንዳይቆራረጥበት ብሎ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ለባሌ ተማሪ ከባድ ነው። የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሮቤ፥ የጤና ትምህርቱ በጎባ ነው፤ መንገዱም 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱን ወገን በቪዲዮ አገናኝቶ እንግሊዝኛ ማስተማር መልካም ሐሳብ ነው። ዳሩ ግን መምህሩ ጠይቆ አንዱ ብቻ የሚመልስ ከሆነ፥ የተገኘው ትርፍ የአዳራሹ መስፋት ብቻ ነው። ብዙው ተማሪ በቤቱ አፋን ኦሮሞ፥ በገበያ አማርኛ ጨምሮ ይናገራል፤ እንግሊዝኛን ግን በክፍል ካልተናገረ የሚናገርበት ሌላ ስፍራ የለውም።

ስለዚህ ክፍሉ ሁለት ሁለት ሆኖ በድምፅ ብቻ ቢነጋገር እንመርጣለን። ለምሳሌ የጎባው ተማሪ ወደ ሰነቲ አምባ የሚወስደውን መንገድ ካርታ ይያዝ፤ የሮቤው ካርታ ሳይኖረው እየጠየቀ ይንደፍ። አንዱ የሌለውን ሌላው ስለ ያዘ፥ ሳይነጋገሩ ሥራው አያልቅም። መምህሩ ሁሉንም ባንድ ጊዜ መስማት ስለማይችል ስሕተት ሳይታረም ሊያልፍ ይችላል፤ ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። ቢሆንም ጥንዶቹ ተመልሰው የነደፉትን ለክፍሉ ሲያስረዱ ብዙውን ማረም ይቻላል። ያልተነገረ ንግግር ግን የሚታረምበት መንገድ የለም።